አርባው ሳይወጣ

ደሴን ያጠፋኋት እኔ ነኝ። ከተማዋን አይደለም፣ ቅርንጫፉን ነው። ማክሰኞ ቀን፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ። ያኔ የምሠራበት ድርጅት ስሙ ይቆየን። ግን የሆነ መስኮት ፊት ተሰልፋችሁ «ሲስተም የለም» ተብላችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ከዚያ ቃል ጀርባ አንዳንዴ ወንበሩ ላይ ደርቆ የቀረ እንደኔ ያለ ልጅ አለ።

የሠራሁት ጥፋት ሲያዩት ትንሽ ነው። አንዲት ቁጥር ቀየርኩ። 10 የነበረችውን 1 አደረግኋት።

ነገሩ ለማያውቀው ሰው እንዲህ ነው። ኔትወርክን የሚያገናኙት ዕቃዎች፣ ራውተሮችና ትልልቅ ስዊቾች፣ እርስ በርስ መንገድ ይጠቋቆማሉ። «ወደዚህ አድራሻ የሚሄድ በእኔ በኩል ይለፍ» ይባባላሉ። ይህን የሚነጋገሩበት ቋንቋ ሩቲንግ ፕሮቶኮል ይባላል። እኛ ቤት የሚነገረው ኦኤስፒኤፍ ነው። ከመንገድ ወሬው በፊት ግን ሰላምታ አለ። ጎረቤታሞቹ በየ10 ሰከንዱ አንዲት አጭር መልእክት ይላላካሉ፤ ስሟ «ሄሎ» ነው። የፕሮቶኮሉ ሰነድ ላይ የተጻፈው እንዲሁ ነው። «ጎረቤት» የሚለውም የኔ ማሳመሪያ አይደለም፣ የፕሮቶኮሉ የራሱ ቃል ነው።

ሄሎዋ «አለሁ» ብቻ ብላ አትመለስም። «ድምፃቸውን የሰማኋቸው ጎረቤቶቼ እነዚህ ናቸው» የሚል ዝርዝርም ይዛለች። ራውተሩ በጎረቤቱ ሄሎ ውስጥ የራሱን መለያ ካየ ልቡ ያርፋል። እሱ ብቻ ሰሚ እንዳልሆነ፣ እንደሚሰማም ያውቃል ማለት ነው። የድሮውን የመስመር ስልክ የደረሰበት ሰው ይገባዋል። «ሃሎ! ይሰማል?» «እኔ እሰማሃለሁ፣ አንተ ትሰማኛለህ?» እያልን ግማሹን ሳንቲም የምንጨርሰው ለዚሁ ነበር።

ሄሎ ሲቀርስ? ወዲያው ለቅሶ አይቀመጡም። ዴድ ኢንተርቫል የሚባል ሌላ ቆጣሪ አለ፤ በተለምዶ 40 ሰከንድ ነው። ጎረቤቱ 40 ሰከንድ ሙሉ ድምፁ ካልተሰማ ሞቷል ይባላል። በእሱ በኩል የሚያልፉት መንገዶች ሁሉ ይሰረዛሉ።

ጋሼ የምንላቸው አለቃችን ይቺን 40 «አርባው» ነበር የሚሏት። «አርባው ሳይወጣ አትቅበሩት» ይሉናል። መጀመሪያ ስሰማው የሽማግሌ ቀልድ መስሎኝ ስቄ አለፍኩ።

ይህ 40 ከየት መጣ ብዬ አንድ ቀን ሰነዱን ከፈትኩት። አርኤፍሲ 2328 ይባላል። ጆን ሞይ የጻፈው፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1998 የወጣ፣ 244 ገጽ ነው። አንድ ከባድ ሒሳብ እየጠበቅሁ ገለጥኩ፣ ገለጥኩ። ያገኘሁት ወደ መጨረሻው፣ አባሪ ውስጥ ነው። ዴድ ኢንተርቫሉ የሄሎው ብዜት መሆን አለበት ይልና በቅንፍ «ለምሳሌ 4» ብሎ ያልፋል። አለቀ። 10ሯም ብትሆን ለሎካል ኔትወርክ እንደ ናሙና የተጠቀሰች ቁጥር ናት። ለዘገምተኛው ኤክስ.25 መስመር ደግሞ 30 ተብሏል። ሲስኮ፣ ሁዋዌ፣ ጁኒፐር፣ ማይክሮቲክ፣ ሁሉም ለተራው የኤተርኔት መስመር ከፋብሪካ ይዘውት የሚወጡት 10 እና 40 ነው። ስንቱ ድርጅት አርባውን የሚያወጣው «ለምሳሌ» ተብሎ በተጻፈ ቃል ነው።

ይህን ባነበብኩ ማግስት ደፋር ሆንኩ። ቁጥሯ ናሙና ከሆነች ማን ይከለክለኛል?

ምክንያትም ነበረኝ። ወደ ደሴ ሁለት መስመር አለን፤ አንዱ የኪራይ መስመር፣ አንዱ መጠባበቂያ ራዲዮ። የኪራይ መስመሩ በተበላሸ ቁጥር ወደ መጠባበቂያው ለመዞር እስከ 40 ሰከንድ ይፈጅ ነበር። 40 ሰከንድ በወረቀት ላይ ምንም አይደለም። ደንበኛ ፊት ተቀምጦ የቀዘቀዘ ስክሪን ለሚያይ ሠራተኛ ግን ረጅም ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሁለት ስዊቾች በአንድ ገመድ በቀጥታ ከተገናኙና ገመዱ ከተቆረጠ ሄሎ መጠበቅ አያስፈልግም። መብራቱ ይጠፋል፣ ፖርቱ ይወድቃል፣ ጎረቤቱ እዚያው ይሰረዛል። ቆጣሪው የሚያስፈልገው መሃል ላይ ሌላ ዕቃ ሲኖር ነው። የአቅራቢው ሳጥን፣ ሚዲያ ኮንቨርተር፣ ወይም የራዲዮው ዕቃ ሊሆን ይችላል። ከሳጥኑ ወዲያ ያለው መንገድ ተበጥሶ እዚህ ያለው መብራት አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ራውተሩ አረንጓዴውን አምኖ ዳታውን ወደ ገደል ይልካል። እስከ አርባው።

የኛ ችግር ይሄኛው ነበር። ስለዚህ ሄሎውን 1፣ ዴዱን 4 ላድርግና ነገሩ ይገላገል አልኩ። ትእዛዞቹን ኖትፓድ ላይ አዘጋጅቼ፣ በሁለቱም መስመሮች፣ የአዲስ አበባው ራውተር ላይ አንድ ላይ ለጠፍኳቸው። ቀጥዬ ደሴ ገብቼ ተመሳሳዩን ላደርግ።

ደሴ የለችም።

የሆነው ይሄ ነው። የደሴው ራውተር «እኔ 10 እና 40 ነኝ» እያለ ሄሎ ይልካል። የኛው አሁን 1 እና 4 ሆኗል። ኦኤስፒኤፍ በዚህ ጉዳይ ላይ ድርድር አያውቅም። ሁለቱ ቁጥሮች ካልገጠሙ ሄሎውን ያነበዋል፣ ያያል፣ ይጥለዋል። ሰው በር ላይ ቆሞ ሰላም እያለው «እኔ ጋ ሰላምታ እንደዚህ አይደለም» ብሎ እንደመዝጋት ነው። 4 ሰከንድ ቆጠረና ገደለው፤ መጠባበቂያውንም ጭምር። ሎጉ ላይ «ዴድ ታይመር ኤክስፓየርድ» የሚል ሁለት መስመር መጣ። የኔ ኮምፒውተር ወደ ደሴ የምትገባው ደግሞ በዚያው በተሰረዘው መንገድ ነው።

እጄ ላብ በላብ ሆነ። ወደ ስምሪት ክፍል ደውዬ መኪና ጠየቅሁ። 400 ኪሎ ሜትር! ደብረ ብርሃንን፣ ጣርማ በርን፣ ኮምቦልቻን አልፌ፣ ራውተሩ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ኮንሶል ገመድ ይዤ፣ ሁለት ቁጥር ለመመለስ።

ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ሲያዩኝ ነበር።

«ገመዱ ተቆርጧል?» አሉኝ።

«አልተቆረጠም።»

«ታዲያ አንተ ምን ቆርጦህ ነው ደሴ የምትሄደው?»

ወንበሬን ተቀበሉኝ። ከኔ ኮምፒውተር ወደ ደሴ ለመግባት አልሞከሩም። መጀመሪያ የአዲስ አበባው ራውተር ውስጥ ገቡ። ከዚያ ሆነው በመስመሩ ማዶ ጫፍ ላይ ያለውን የደሴ አድራሻ ጠሩ። ይለፍ ቃል ጠየቃቸው። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ጉርብትናው ነው የሞተው እንጂ አጥሩ አንድ ነው» አሉ። ነገሩ ሲገባችሁ ተራ ነው። በአንድ መስመር ሁለት ጫፍ ላይ ያሉ ሁለት ራውተሮች ለመገናኘት ማንም መንገድ እንዲያሳያቸው አይፈልጉም። ግድግዳ ለግድግዳ ናቸው። ሩቲንግ ፕሮቶኮሉ የሚያስፈልገው ከዚያ ወዲያ ላለው ሰው ነው። እኔ ከሁለት ክፍል ርቄ ስጮህ ነበር፣ እሳቸው ግን ግድግዳው አጠገብ ሄደው አንኳኩ።

የደሴውን 1 እና 4 አደረጉት። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ጎረቤቱ «ፉል»፣ ሙሉ በሙሉ ተገናኝቻለሁ፣ ብሎ ተነሳ። ቅርንጫፉ የጠፋው ወደ 12 ደቂቃ ገደማ ነው። ለኔ ግን አንድ ክረምት ያህል ነበር።

ከዚያ የተናገሩትን እስከዛሬ አልረሳሁትም። «ሁሌ ሩቁን ቀድመህ ንካ። ሩቁን ስትነካ መስመሩ እጅህ ላይ ይሞታል፣ አትደንግጥ። ቅርቡ እጅህ ላይ ነው፣ እሱን ታስተካክልና ይነሳል። ቅርቡን ከቀደምክ ግን ሩቁ ሩቅ ሆኖ ይቀራል።» ሌላም ዘዴ ጨመሩልኝ። ርቆ ያለ ዕቃ ከመንካት በፊት፣ ሲስኮ ላይ፣ «ሪሎድ ኢን 10» ማለት። ከተሳካልህ ትሰርዘዋለህ። ራስህን ውጭ ከቆለፍክ ደግሞ በ10 ደቂቃው ራሱ ተነስቶ፣ ሴቭ ያላደረግኸውን ሁሉ ረስቶ፣ ወደነበረበት ይመለሳል። ጁኒፐር ላይ «ኮሚት ኮንፈርምድ»፣ ማይክሮቲክ ላይ «ሴፍ ሞድ» ይባላል። ይህን ሳያውቅ ርቆ የሚሠራ ልጅ ካለ ዛሬውኑ ይማር። የጽሑፌን ቀሪ ባያነበውም አልቀየመውም።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ሁለት ጎረቤታሞች ዝምታን የሚለኩበት ሰዓት አንድ ካልሆነ ለምን ጭራሽ አይነጋገሩም?

መልሱን ያገኘሁት ቤት ነው። እህቴ ዱባይ ትሠራለች። በየእሑዱ በኢሞ ትደውል ነበር። አዲስ ሥራ ስትይዝ ጊዜ አጣችና በወር አንዴ ማድረግ ጀመረች፤ ለማንም ሳትናገር። እናቴ ሁለት እሑድ ቆጠረች። በሦስተኛው ጎረቤት ሁሉ ሳሎናችን ውስጥ ነበር። ቡናው ተፈልቶ የሚጠጣው ጠፋ። አንዷ «ዓረብ አገር እኮ» ብላ ጀምራ ሌላኛዋ በክርን ጎሸመቻት። ልጅቷ በደህና ተኝታ ነበር። ሁለቱም አላጠፉም። እናቴ በሳምንት፣ እህቴ በወር ነው የምትቆጥረው።

ሲስኮ የፈጠረው ኢአይጂአርፒ የሚባል ሌላ ፕሮቶኮል አለ። እዚያ ቁጥሮቹ መግጠም የለባቸውም። እያንዳንዱ በሄሎው ውስጥ «ከኔ ዝምታ ይህን ያህል ታገሡ» ብሎ ይልካል፣ ተቀባዩም በላኪው ቁጥር ይቆጥራል። በፈጣን መስመር ሄሎው 5 ሰከንድ፣ ትዕግሥቱ 15 ነው። እህቴም በኋላ ያደረገችው ይህንኑ ነው። «እማዬ፣ ካልደወልኩ አንድ ወር ጠብቂኝ፣ ከዚያ በፊት እንዳታለቅሺ» አለቻት። ቢጂፒ የሚባለው ሌላ ፕሮቶኮል ደግሞ ይደራደራል። ሁለቱ የየራሳቸውን ቁጥር ያቀርቡና ያነሰው ይጸድቃል፤ በዚያ ሕግ እናቴ ታሸንፍ ነበር። ግን እናቴ ኦኤስፒኤፍ ናት። አሁንም በየእሑዱ ነው የሚደወለው።

ወደ ደሴ ልመለስ፤ ታሪኩ አላለቀምና።

1 እና 4 እንደሆነ ተተወ። ጋሼ አልመለሱትም። «ክረምቱ ይምጣ» ብቻ አሉኝ። ይህን ሲሉ ፈገግ ብለው ነበር፣ አሁን ሲገባኝ ፈገግታው ደግ አልነበረም።

ሐምሌ ገባ። ጦሳ ተራራ ጉሙን ለበሰ። የመጠባበቂያው ራዲዮ ከ10 ጊጋሄርትዝ በላይ የሚሠራ ነው፣ እንዲህ ያለውን ደግሞ ዝናብ ይጠላዋል። የውኃው ጠብታ ሲግናሉን ይውጠዋል። የኪራይ መስመሩም በዚያ ሰሞን ጤና አልነበረውም። ዶፍ ሲጥል 5 ሰከንድ ይጠፋል፣ ይመለሳል። እንደገና 6 ሰከንድ። ድሮ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም ነበር። ቢበዛ አንድ ሄሎ ይቀራል፣ ሁለተኛው ሳይደርስ መስመሩ ይመለሳል፣ የተንጠባጠበውን ፕሮግራሙ ራሱ ደግሞ ይልከዋል። አሁን ግን በ4 ሰከንድ ሞት ይታወጃል። ለቅሶው ለሁሉም ራውተር ይላካል። ሁሉም ካርታውን እንደ አዲስ ያሰላል። ስሌቱ ሳይደርቅ ሟቹ በር ያንኳኳል። በአንድ ሌሊት ደሴ 31 ጊዜ ሞታ 31 ጊዜ ስትነሳ ቆጠርኩ። ጠዋት የቅርንጫፉ ሰዎች ደውለው «ሲስተሙ ይመጣል ይሄዳል» አሉ። «የለም» ይሻል ነበር። የለም ሲሆን ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሁለተኛው ትምህርት ከዝናብ ጋር አይገናኝም። አንድ ቀን ምድር ቤት ያለች ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ጠረጴዛ ሥር ተንጠልጥሎ ያገኘውን የገመድ ጫፍ «ከቦታው ወልቆ ነው» ብሎ አዝኖለት እዚያችው ትንሽ ስዊች ላይ ሰካው። ሁለቱም ጫፍ አንድ ስዊች ላይ ሆነ። ቀለበት ተሠራ። ያ ጫጫታ ዞሮ ዞሮ ዋናው ስዊች ላይ ደረሰ (እስካሁን የአዲስ አበባው ራውተር ያልኩት እሱን ነው)፣ ፕሮሰሰሩም አናቱ ላይ ወጣ።

የስዊች ተፈጥሮ እንዲህ ነው። ዳታ የሚያሳልፈው በቺፑ ነው፤ ፕሮሰሰሩን አያስቸግርም። ሄሎ የሚጽፈውና የሚያነበው ግን ፕሮሰሰሩ ነው። እጁ ሥራውን ይሠራል፣ አፉ ግን ተይዟል። ወደ ቅርንጫፎች የሚሄደው ዳታ በደህና እየፈሰሰ ነበር። ሄሎዎቹ ግን በሰዓታቸው አልወጡም። ፕሮሰሰሩ ሲታፈን ቆይቶ ለመተንፈስ 7 ወይም 8 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። 10 እና 40 ላይ የቀሩት ቅርንጫፎች ምንም አልተሰማቸውም። 1 እና 4 የሆነችው ደሴ ብቻ ደህናውን ጎረቤቷን ቀበረች። አዲስ አበባ ጠረጴዛ ሥር በተሰካ ገመድ!

ያን ቀን ማታ ጋሼ ቢሮ ገባሁ። «ልመልሰው?» አልኳቸው።

«ሩቁን ቀድመህ» አሉ፣ ቀና እንኳን ሳይሉ።

ፍጥነት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ያስፈልጋል። ግን ሄሎን ማሯሯጥ ለዚያ የተሠራ ነገር አይደለም። ሄሎዋ ብዙ ዕቃ ተሸክማለች፤ ማስክ፣ ቁጥሮች፣ የጎረቤት ዝርዝር። በየሰከንዱ ስትመጣ ፕሮሰሰሩን ታደክማለች። ለዚህ ሥራ ቢኤፍዲ የሚባል አለ። ዴቭ ካትዝና ዴቭ ዋርድ የጻፉት አርኤፍሲ 5880 ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2010 ወጣ። ሥራው «አለህ? አለሁ» ብቻ ነው። ወሬ የለውም፣ ቤተሰብ አይጠይቅም። በየ300 ሚሊሰከንዱ ቢጠራና ሦስት ቢቀር ከአንድ ሰከንድ በታች ውስጥ ያውቃል። ከዚያ ለኦኤስፒኤፍ ሹክ ይለዋል። ብዙ ትልልቅ ዕቃዎች ላይ ሥራው ወደ ካርዱ ወርዷል፣ ፕሮሰሰሩ ቢታፈን እንኳን አይቆምም። ትንንሾቹ ላይ ግን እሱም በዚያው በፕሮሰሰሩ ነው የሚሠራ፤ ስለዚህ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ነው። ሻጩ «ሰፖርት ያደርጋል» ካለ ደግሞ «በምን ላይ?» በሉት።

አሁን ደሴ ላይ ያለው ይሄ ነው። ኦኤስፒኤፉ 10 እና 40፣ እንደ ፋብሪካው። የኪራይ መስመሩ ላይ ቢኤፍዲ አለ፤ መሃሉ ላይ ያ አረንጓዴ የሚያበራ ሳጥን አለና። ራዲዮው ላይ ምንም የለም። ዝናቡ ያልፋል፣ እኛም እንጠብቃለን። በኋላ ሌላ ቅርንጫፍ ላይ ቪሳት የሚባለውን የሳተላይት መስመር ስንተክል አንድ አዲስ ልጅ እዚያም ሄሎውን እናፍጥን ብሎ መጣ። ሳተላይቱ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ነው፣ ደርሶ መልሱ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። መዘግየቱ ብቻውን ሄሎን አይገድልም። ሁሉም እኩል ከዘገዩ በየ10 ሰከንዳቸው መድረሳቸው አይቀርም። የሚገድለው መንጠባጠቡ ነው፣ በዚያ ላይ እያንዳንዷ ሄሎ ውድ መስመር ትበላለች። ልጁን አልተቆጣሁትም። «ክረምቱ ይምጣ» ልለው ፈልጌ ነበር፣ ግን ጨካኝ አልሆንኩም፤ ከለከልኩት።

ጋሼ ጡረታ ከወጡ ቆዩ። ባለፈው ዓመት የአዲስ አበባውን ራውተር በአዲስ ስንቀይር የድሮውን ኮንፊገሬሽን መስመር በመስመር ሳነብ፣ ወደ ደሴ በሚወጣው ፖርት ሥር፣ ማብራሪያ በሚጻፍበት ቦታ ላይ፣ የሳቸውን ጽሑፍ አገኘሁ። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው። መቼ እንደጻፉት አላውቅም። ምናልባት ያን ማክሰኞ፣ እኔ ላቤን ስጠርግ ይሆናል። የደርግን ዘመን በወጣትነታቸው የኖሩ ሰው ናቸውና መፈክሩን ከየት እንዳመጡት ግልጽ ነው።

«ደሴ ትቅደም» ይላል።

አዲሱም ራውተር ላይ እንዳለ ገልብጬዋለሁ።